የሩቢነም ድርሻ

ሩቢነም የተወለደችው ከእኛ ቤት በአንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ በሚለይ ግቢ ውስጥ ነው። በስድስት ዓመት እበልጣታለሁ። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ምን እንደደረሰባት ሳይገባት ቀኑን ሙሉ የእናቴን ልብስ ጨብጣ ስትከተላት መዋሏን አስታውሳለሁ። አሥራ ስድስት ሲሞላት ከወንዝ ማዶ ላለ ሰው ዳሯት። ስድስት ዓመት አብራው ኖረች፤ ልጅ ግን አልመጣም። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አንድ ጠዋት ጓዟን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ አባቷ ደጃፍ ድረስ አደረሳትና አጎንብሶ እጅ ነስቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት ወንድ የለም።

አባቷን የመንደራችን የኬዱንግዋሩ ሰው ሁሉ ምባህ ካርቶ ይለው ነበር፤ ሽማግሌን ምባህ፣ አያት፣ ሳይሉ በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነውና። ምባህ ካርቶ ሀብታም አልነበረም፣ ደሃም አልነበረም። ከቤቱ ፊት ለፊት ውሃ የማያጣው የሩዝ ማሳ ነበረው። ቤቱን ያቆመው አያቱ ነው፤ ቲክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተጠረቡት አራቱ ምሰሶዎች በእጅ ብዛት ተወልውለው እንደ ጥቁር መስታወት ያበሩ ነበር። በመንደራችን እንደዚያ ያለ ቤት ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ ግድግዳው የቀርከሃ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ማድ ቤት ለብቻው ነበር።

ወንዶች ልጆቹ ሁለት ነበሩ። ታላቁ ካስዲ ፊደል የለየ፣ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር፤ የመንደሩ ሹም ጸሐፊ ሆነ። የመሬት መዝገቡም እሱ ዘንድ ነበር የሚቀመጠው። ሁለተኛው ፖኒጃን መንግሥት ሰው ሲያሰፍር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ባሕር ማዶ ወዳለው ሱማትራ ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን ይጽፍ ነበር። በኋላ ተወው።

ሩቢነም ከባሏ ቤት በተመለሰች በሁለተኛው ዓመት፣ የሩዙ ዛላ ማጎንበስ በጀመረበት ሰሞን፣ ምባህ ካርቶ ማሳው ጠርዝ ላይ ወደቀ። ተሸክመው ካስገቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ቀኝ ጎኑ በሙሉ በድን ሆነ። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፣ ቀኝ እጁ ተጨብጦ ቀረ። ይሞታል ብለን ነበር። እሱ ግን ዘጠኝ ዓመት ኖረ።

ዘጠኙንም ዓመት ያኖረችው እሷ ናት። ጎህ ሲቀድ አጥባው፣ ገልብጣው፣ ገንፎ አጉርሳው ማሳ ትወርዳለች። ችግኝ ትተክላለች፣ ታርማለች፣ ውሃ ትመልሳለች፤ በየመሃሉ እየሮጠች ትመለስና ታገላብጠዋለች። ሰውነቱ ሲመነምን ጊዜ በረጅም ጨርቅ እንደ ሕፃን አዝላው ወንዝ ታወርደው ጀመር። የተጨበጠውን እጁን ጣት በጣት እየፈለቀቀች ጥፍሩን ስትቆርጥለት አይቻለሁ፤ መዳፉን እየበሳው ያቆስለው ነበርና። እሱ ይጮህባታል፣ እሷ ታንጎራጉራለች። ካስዲ አርብ አርብ ከስግደት በኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል፤ ትምባሆ ያመጣለታል፣ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። አባቱን አይወድም ነበር አልልም። ማጠብ ግን የሴት ሥራ ነው፤ ከእኛም ወገን የወቀሰው አልነበረም።

አሁን ስለራሴ መናገር አለብኝ። እኔ የካስዲ እኩል አራሽ ነበርኩ። ጸሐፊው በደመወዝ ፋንታ ከመንደሩ መሬት ተቆርጦ የሚሰጠውን ማሳ የማርሰው እኔ ነበርኩ፤ ከምርቱ ግማሹ የሱ ነው፣ ግማሹ የእኔ። ስድስት ልጆች ነበሩኝ። ሌላ መሬት አልነበረኝም።

በስምንተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ችግኝ ልናነሳ ስንዘጋጅ፣ ምባህ ካርቶ አስጠራኝ። የመስጊዳችን ኢማም ሳክዱንም ተጠርቶ ነበር። ሩቢነምን ውሃ ቅጂ ብሎ አስወጣት። ንግግሩ የተንተባተበ ቢሆንም የለመደው ጆሮ ይሰማው ነበር።

"ሕጉን አውቀዋለሁ" አለን። "ወንድ በትከሻው ሁለት ቅርጫት ይሸከማል፣ ሴት በጀርባዋ አንድ። ውርሱም እንደዚያው ነው። ይቺ ልጅ ግን እኔኑ ራሴን ስምንት ዓመት በጀርባዋ ተሸክማለች። ቤቱና የፊቱ ማሳ የሷ ነው። ኮረብታው ስር ያለው ደረቅ መሬት ለወንዶቹ። ሰምታችኋል?"

ሰምተናል አልን። ኢማሙ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል ሲለው ምባህ ካርቶ በደህናው ጉንጩ ሳቀ። "የሚጽፈው ልጄ ካስዲ አይደል እንዴ? አርብ ሲመጣ እነግረዋለሁ" አለ።

ይንገረው አይንገረው እኔ አላየሁም። የማውቀው፣ ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ረቡዕ ሩቢነም ከወንዝ ስትመለስ ካስዲ ከደጃፉ ሲወጣ እንዳገኘችው ነው። ረቡዕ መጥቶ አያውቅም። የግብር ወረቀት አለ፣ እሱን ላሳየው ነው አላት። ገብታ አባቷን ስታገላብጠው የቀኝ አውራ ጣቱ ጠቁሯል። የሙዝ ፈሳሽ መሰላት፣ እንደዚያ ያጠቁራልና፤ ጠዋት የሙዝ ቅጠል አንጥፋለት ነበር። በአመድ ፈትጋ አጠበችው። ይህን ራሷ ናት በኋላ የነገረችኝ።

በዓመቱ ምባህ ካርቶ ሞተ። ኢማም ሳክዱን ከሱ በአራት ወር ቀድሞ ሞቶ ነበር።

የሦስቱን ቀን፣ የሰባቱን፣ የአርባውን፣ የመቶውን ድግስ ሩቢነም አወጣች። ፍየሎቿ አንድ በአንድ አለቁ። የመጨረሻው፣ የሺኛው ቀን ድግስ ሳይወጣ የሞተ ሰው ንብረት አይከፈልም፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ማሳውን እያረሰች፣ ቤቱን እየጠረገች፣ ምሰሶውን እየወለወለች ኖረች። ካስዲ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገራትም። በሺኛው ቀን ድግስ ላይ የተቆለለው ሩዝ ተቆርሶ፣ ጸሎቱ አልቆ፣ ሰው የበላበትን ቅጠል አጣጥፎ ሲነሳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የመንደሩ አዳራሽ እንድትመጣ ነገራት።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስት ያህል ሰው ነበርን። ሹሙ ጭቅጭቅ የማይወድ፣ ሁሉም ነገር በፈገግታ እንዲያልቅ የሚፈልግ ሰው ነው። ካስዲ መዝገቡን ገለጠና አነበበ። የፊቱ ማሳና ቤቱ ከአራት ዓመት በፊት በካስዲ ስም ዞሯል፤ የአባትየው አውራ ጣት አሻራ አለበት። ደረቁ መሬት የወንዶቹ ነው፤ ፖኒጃንም ድርሻዬን ለታላቅ ወንድሜ ትቻለሁ ብሎ ከሱማትራ ልኳል። ለሩቢነም ማድ ቤቱና ማድ ቤቱ የቆመበት መሬት። ሴት በጀርባዋ አንድ።

ሩቢነም መሬት ላይ ምንጣፉ ጫፍ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን ልየው አለች። ማንበብ አትችልም፤ አሻራውን ግን አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ካንግ" አለች፤ ታላቅ ወንድሟን ዘወትር የምትጠራው እንደዚያ ነበር። "ይሄ የየትኛው እጁ ነው?"

"የቀኙ ነዋ። አሻራ የሚደረገው በቀኝ ነው።"

"የአባባ ቀኝ እጅ ተጨብጦ ነበር። እኔ ጥፍሩን ለመቁረጥ እንኳ በሙቅ ውሃ አርሼ፣ እሱ እያለቀሰ ነው የምፈለቅቀው። አንተ በምን ፈለቀቅከው?"

ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ወረቀቱ ወረቀት ነው፣ ነገር ግን ሟች በሕይወት ሳለ ሌላ ቃል ሲሰጥ ሰምቻለሁ የሚል ካለ ይናገር አለ። እያንዳንዱን ሰው በዓይኑ አዳረሰና እኔ ላይ አቆመ። መቼም መንደር ነው፤ ያን ቀን ተጠርቼ መግባቴን ሁሉም ያውቃል። ካስዲ ግን አላየኝም። እስክሪብቶውን እየከደነ ነበር። ከዝናቡ መግቢያ በኋላ የማርሰውን ማሳ ለሌላ እኩል አራሽ ሊሰጥ እንደሚያስብ ከሁለት ቀን በፊት በጨዋታ መሃል ጣል አድርጎልኝ ነበር።

"ጊዜው ረዝሟል" አልኩ። "በደንብ አላስታውስም።"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይሄ ግን ዝምታም አልነበረም፤ አፌን ከፍቼ የተናገርኩት ነው።

ሩቢነም ወደ እኔ አልዞረችም። ከምንጣፉ ተነሳች፣ እጇን አጣምራ ለሹሙ አጎነበሰች፣ ከዚያ ለካስዲ ከሹሙም ይልቅ ዝቅ ብላ አጎነበሰችና "ድካምዎን አላህ ይቁጠርልዎ፣ ጌታዬ" አለችው። እርስዎ አለችው። በእኛ ዘንድ እህት ወንድሟን እንደዚያ ካለችው በሩን ዘጋችበት ማለት ነው። ካስዲ ያን ጊዜ ብቻ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አንተ ብላው አታውቅም፤ ካንግም ብላ አልጠራችውም።

በእኛ አገር ቤት እንደ ከብት ነው፣ ካለበት ተነስቶ ይሄዳል። ካስዲ ቤቱን ወደ ራሱ ግቢ ሊወስደው ቀን ቆረጠ፤ በደቦ ሰው ጠራ። ጸሐፊው ጠርቶ የሚቀር የለም። ሸክላው ከጣሪያው ላይ በቅብብል ወረደ፣ ሳንቃው ተፈታ፣ የጣሪያው አጽም በቀርከሃ ታስሮ ከሠላሳ በሚበልጥ ሰው ትከሻ ላይ ወጣ። ምሰሶዎቹን አራት አራት ሆነን ተሸከምናቸው። እኔ የፊተኛውን፣ ከሁሉም የሚከብደውን ያዝኩ። ማንም አላዘዘኝም።

ቤቱ የሚነሳለት ሰው ለሠራተኛው ያበላል፤ ደንቡ ነው። ካስዲ ምግቡን በራሱ ግቢ አዘጋጅቶ ነበር። ሩቢነም ግን ከማድ ቤቱ ሻይና የተቀቀለ ካሳቫ ይዛ ወጣችና ለእያንዳንዳችን አደለች። "ብሉ፤ መንገዱ ሩቅ ባይሆንም እንጨቱ ከባድ ነው" እያለች። እኔ ጋ ስትደርስም እኩል ሰጠችኝ። ተቀብዬ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ከነበረበት ቦታ ላይ አራት የምሰሶ ድንጋይና የተጠረገ መሬት ብቻ ቀረ፤ ከጀርባው ማድ ቤቱ ራቁቱን ቆመ።

እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ነው መኖር የጀመረችው። በቅጥር ችግኝ ትተክላለች፣ ታርማለች፤ የአባቷንም ማሳ ለካስዲ በቀን ሠራተኛነት አርማለታለች። የምትጠብቀው አጨዳውን ነበር። ድሮ አጨዳ ሲደርስ የምትከለከል ሴት የለችም፤ በጣቶችዋ መሃል የምትይዛትን ትንሽ ምላጭ ይዛ የመጣች ሁሉ ዛላውን አንድ በአንድ ትቆርጣለች፣ ካጨደችው ላይ ድርሻዋን ታነሳለች። መሬት የሌለው ሰው ዓመቱን የሚገፋው በዚያ ነበር።

በዚያን ሰሞን መንግሥት ቁመቱ አጭር፣ ቶሎ የሚደርስ አዲስ የሩዝ ዘር አመጣ። በምላጭ መቁረጥ ወገብ ይሰብራል፤ በማጭድ ግን ከሥሩ ይታጨዳል። ካስዲ በአባቱ ማሳ ላይ የቆመውን እህል ሳይታጨድ ለነጋዴ ሸጠው። ነጋዴው ከሌላ አገር ማጭድ የያዙ አሥር ጎረምሶች በመኪና ጭኖ መጣ። የመንደራችን ሴቶች፣ ሠላሳ ይሆናሉ፣ ቅርጫታቸውን ይዘው ማሳው ጠርዝ ላይ ቆሙ። ባለቤቴም አብራ ነበረች።

ሩቢነም ብቻዋን ወደ ማሳው ወረደች። የአጫጆቹ አለቃ ምላጯን አየና ሳቀ።

"እትዬ፣ በዚች እንኳ ባልሽን ላጪበት። እዚህ ሥራ ላይ ነን።"

"ባሌ ከወንዝ ማዶ ነው፤ ጢሙ ካሳሰበህ ሂድና ላጨው" አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ መቁረጥ ጀመረች።

ካስዲ ከነጋዴው ጋር ጥላ ስር ቆሞ ነበር። መጣ። ድምፁን አላነሳም። "ሩቢነም፣ ተይ። እህሉን ሸጬዋለሁ፤ አሁን የኔ አይደለም። የሱ ሰዎች ናቸው የሚያጭዱት" አላት።

"እርስዎ እውነትዎን ነው" አለች፣ ሳትቃና። "የእርስዎ አይደለም። ያረሙት እኒያ ሴቶች ናቸው። አንድ ቅርጫት ቢወስዱ ነጋዴው አይጎድልበትም፤ እርስዎም አይጎድልብዎትም። ቃርሚያውን እንኳ ይፍቀዱላቸው።"

ካስዲ ወደ ሴቶቹ ተመለከተ። ዞሮ ሄደ። አለቃው ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠረውና ቅርጫቷን ያዘ። እሷ አልለቀቀችም፤ ሲጎትት ሲጎትት ድንገት ለቀቀው፣ ወደ ኋላዋ ከጠርዙ ላይ ወደ ቦዩ ወደቀች። ውሃ ማስገቢያው ድንጋይ ላይ ነው የቀኝ እጇ አንጓ ያረፈው። ድምፁን ባለቤቴ ሰምታዋለች። ወጌሻው አሰረላት፤ ሲፈታ ግን እጇ ተጣሞ ነበር። ጣቶቿ ችግኝ መጨበጥ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ለቅጥር የሚጠራት አልተገኘም።

ባለቤቴ አንዳንድ ቀን ምግብ ትልክላታለች። እኔ ያን ዓመት ሙሉ አጥሩን አልተሻገርኩም። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አላስችል ሲለኝ ሄድኩ። ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ካሳቫ በግራ እጇ ትልጣለች። ተቀመጥኩና፣ አባትሽ ያለውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፣ ያን ቀንም አስታውስ ነበር አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። መላጧን አላቋረጠችም። "ስድስት ልጆች አሉህ፤ እሱንም አውቃለሁ። ቤቱን ያነሳችሁ ለታ ከባዱን ምሰሶ መርጠህ ስትይዝ አይቼሃለሁ። ለምን እንደያዝከውም ገብቶኛል። እኔ ግን ምሰሶ ተሸከምልኝ አላልኩህም፣ ካንግ ጊማን። የፈለግኩት አንድ ቃል ነበር።"

ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ ከቆጨህ ዛሬ ሂድና ለሹሙ ተናገር፣ እኔ እዚህ ነኝ አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሩዜ ግን ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከታጨደ በኋላ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ግማሹ ምርት ቤቴ ከገባ በኋላ። ሄድኩም። ሹሙ ፈገግ ብሎ ሰማኝ። "ጊማን፣ በደንብ አላስታውስም ያልክ አንተ አይደለህም እንዴ? እያረጀህ ማስታወስ ጀመርክ?" አለኝ። ከዚያ መሬቱ ባለፈው ሳምንት መሸጡን ነገረኝ። ካስዲ ልጁን ከተማ ውስጥ ሥራ ለማስገባት ማሳውን ለጡብ ነጋዴ አስተላልፎታል። እኔም በዚያው ወር የካስዲን ማሳ አጣሁ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የጡብ ነጋዴው አፈሩን ነው የፈለገው። ማሳውን ቆፍረው ቆፍረው ከሰው ቁመት በላይ አጎደጎዱት። ሥራ ስላልነበረኝ ቁፋሮው ላይ ተቀጠርኩ፤ የምባህ ካርቶን ማሳ በቅርጫት ተሸክመው ካወጡት ሰዎች አንዱ ነኝ። ጉድጓዱ በየወሩ ወደ ማድ ቤቱ ይጠጋል። ሩቢነም ጠዋት ጠዋት ከጫፉ ላይ ቆማ ታየናለች። አንዳንዴ ውሃ ታቀብለናለች።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ከበደ። ጠርዙ ተናደና የማድ ቤቱ አንዱ ግድግዳ ወደ ጉድጓዱ ተንጠለጠለ። ወደ እኛ ቤት ነይ አልናት። የቀረችኝ ድርሻዬ ይቺ ናት፣ ከወጣሁ ባለቤት የላትም ይሏታል አለች። እርጥብ መሬት ላይ ስትተኛ ሳል ያዛት፤ ሳሉ ወደ ትኩሳት ዞረ። ባለቤቴ አሥራ አንድ ቀን አስታመመቻት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ አረፈች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ካስዲ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። የመቃብሩን አፈር በገዛ እጁ አወጣ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተቀበላት። አለቀሰ፤ ለታይታ ያለቀሰ አይመስለኝም። የሦስቱን ቀን ድግስም፣ የሰባቱንም፣ የአርባውንም እሱ አወጣ፣ በአባቱ አራት ምሰሶዎች መሃል።

ልጅ አልነበራትምና ወራሾቿ ወንድሞቿ ናቸው። ፖኒጃን እንደ ቀድሞው ድርሻውን ትቷል። ሺኛው ቀን እስኪደርስ አልተጠበቀም፤ ጡብ ነጋዴው የማድ ቤቱንም መሬት ይፈልገው ነበር። ከአርባው በኋላ ካስዲ የመሬቱን ማዛወሪያ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፣ አንዱ ጎረቤት ቢሆን ደንብ ነው አለ። ሻይ አቀረብንለት፣ ጠጣ።

"አልፈርምም" አልኩት።

አልተቆጣም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ልጆቼ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀኝ፣ ለሻዩ አመሰገነና ወጣ። ከጡብ ማቃጠያው ሁለት ሰዎች ጠርቶ አስፈረማቸው፤ እኩለ ቀን ሳይሆን አለቀ። በማግስቱ ቆፋሪዎቹ የማድ ቤቱን ቀርከሃ ነቅለው እሳት አነደዱበትና ሥራቸውን ቀጠሉ።